እህቴ አይደለችም

ሚልካ አቤኔዘርን መጀመሪያ ያየችው መሬት ላይ ተዘርራ ነው። ናይሮቢ፣ የሕክምና ትምህርት አራተኛ ዓመት ላይ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ፣ ምላጩ ቆዳ ሲነካ ዓይኗ ጨለመባት። ስትነቃ ጭንቅላቷ አንድ የማታውቀው ልጅ ጉልበት ላይ ነበር።

«እህቴ፣ አይዞሽ... አዲስ የተዛወርኩ ነኝ። እኔም አበሻ ነኝ።»

አበሻነቱ ለወደቀ ሰው ምን ይረባል? ግን ሳቀች። ልቧም እዚያው ቀረ።

ችግሩ ያቺ «እህቴ» የምትል ቃሉ ናት። አቤኔዘር ፓርክላንድስ ያደገ የፓስተር ልጅ ነው። ቸርች ውስጥ ሴቱን ሁሉ እህት፣ ወንዱን ሁሉ ወንድም እያለ ነው ያደገው። አብረው ሲያጠኑም «እህቴ»፣ ወደ ሰፈሯ ሳውዝ ሲ ማታቱ ታክሲ ሲያሳፍራትም «ደህና ግቢ እህቴ»! እሷ በሆዷ ታርራለች።

የመጨረሻው ዓመት ደረሰና መጀመሪያ የሚለማመዱበትን ክፍል በምርጫ ቅደም ተከተል ሙሉ ተባሉ፤ ከዚያ በቡድን በቡድን ወደየከተማው ሆስፒታል ይደለደላሉ። ሚልካ ቀዶ ሕክምናን አንዴ ወድቃዋለች፤ ከደገመች ትባረራለች። ሌሊት እንቅልፍ የነሳት ደሙ አይደለም። ያን ልጅ አጠገቧ ባጣች ጊዜ ጉልበቷ እንደሚከዳት ማወቋ ነው። ይህን ግን ለማንም አልተነፈሰችም።

«አንድ ዓይነት እንሙላ፣ አንድ ቡድን እንዲመድቡን» ብላ ብቻ ለመነችው።

«እሺ እህቴ።»

ድልድሉ ሲለጠፍ ስማቸውን በጣቷ ፈለገች። ሚልካ ወርቁ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ናይሮቢ። አቤኔዘር ወርቁ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሞምባሳ።

«ሸሽተኸኝ ነው አይደል?» አለችው። «እንደገና እንዳልሸከማት ብለህ! ማዳም አኪኒን ስታናግር አይተውሃል።»

«ኧረ በጌታ! እኔ ምን...» አለና ድንገት ትዝ አለው።

ማዳም አኪኒ ድልድሉን የሚያወጡት ሴትዮ ናቸው። በቀደም ኮሪደር ላይ አቁመው «ሚልካ ወርቁ ዳዳ ያኮ?» ብለውት ነበር በስዋሂሊ። እህትህ ናት ወይ ማለታቸው ነው። እሱ ሆዬ በቸርች አፉ «ንዲዮ፣ አዎ እህቴ ናት» ብሎ አለፈ። ለእሳቸው ሁለት ወርቁ አንድ ቤት ነው። የእሷ አባት ወርቁና የእሱ አባት ወርቁ ተያይተው እንደማያውቁ ማን ነግሯቸው! በትምህርት ቤቱ ደንብ ደግሞ ዘመድ ከዘመድ አንድ ቡድን አይገባም።

«ጉድ ሠራሁሽ!» አላትና እጇን ይዞ የማዳም አኪኒ ቢሮ ገባ።

«ማዳም፣ ሚልካ እህቴ አይደለችም።»

ማዳም አኪኒ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «በቀደም ነበረች፣ ዛሬ አይደለችም? ታዲያ ምንህ ናት?»

ሚልካ መተንፈስ ፈራች። 'ጓደኛዬ ናት' ካለ አለቀላት።

አቤኔዘር ላቡን ጠረገ። «የምወዳት ልጅ ናት። እሷ ግን... አታውቅም።»

«አሁን ሰማች» አሉ ማዳም አኪኒ፣ እስክሪብቷቸውን አንስተው ከስሙ ጎን «ሞምባሳ» የሚለውን እየሰረዙ። «አንቺስ?»

«እኔማ... ከወደቅኩበት ቀን ጀምሮ» አለች ሚልካ፣ እንባዋ ቀድሟት።

የፈተናዋ ዕለት ምላጩ እጇ ላይ ተቀመጠ። ጆሮዋ ጮኸ፣ ዓይኗ ሊጨልም ዳዳው። አሁን ወደቅኩ አለች በልቧ።

«አይዞሽ...» አላት ረዳት ሆኖ ከጎኗ የቆመው አቤኔዘር።

ያቺ ቃል ልትከተል ነው ብላ ጠበቀች።

«...የኔ ዓለም።»

ትንፋሿ ተመለሰ። ፈርታ ነው፣ በጣም ፈርታ ነው የቀደደችው፣ የሰፋችውም። ግን ቆማ ጨረሰች። ፈታኙ «አልፈሻል» ሲላት ኮሪደር ድረስ እንደምንም ወጣችና ጉልበቷ ያኔ ከዳት። አቤኔዘር ሮጦ አቀፋት።

«አይዞሽ እህ...»

«ዋ! ብትጨርሳት!» አለችው፣ ደረቱ ላይ እያለቀሰች።