የተንቀጠቀጠው ምስል

«ልቡ ነው የከዳው፤ ሌላ ምንም የለም» አለ ዲኑ፣ መርማሪው ገና ደረጃውን ወጥቶ ሳይጨርስ። «ሰውየው ዕረፍት የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ቶሎ ይጨርሱልን፤ ተማሪዎቹ ተረብሸዋል።»

መርማሪው ጸጉሩ የሸበተ፣ አረማመዱ ዝግ ያለ ሰው ነው። ባልደረቦቹ ከጀርባው «ቀስ በሉ» ይሉታል፤ ሰው ሲጣደፍ ባየ ቁጥር የምትወጣው ቃል ይህችው ስለሆነች። ለዲኑም አልነፈገውም።

«ቀስ በሉ ዶክተር። መጀመሪያ ሰውየውን ልየው።»

ፕሮፌሰሩ ኮሪደሩ ላይ፣ ቃሬዛ ላይ ተጋድሟል። ፊቱ ላይ ሕመምም ድንጋጤም አይታይም፤ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ የጣለው ሰው ይመስላል። ሙዚቃ የሚሰማበት ማዳመጫ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ከንፈሩ ግን ጠቁሯል። መርማሪው ከንፈሩን ደጋግሞ ካየ በኋላ ወደ ማይክሮስኮፑ ክፍል ገባ።

ክፍሏ መስኮት የሌላት፣ ጓዳ የምታህል ናት። ዩኒቨርሲቲው አንድ ትልቅ ማይክሮስኮፕ ብቻ ስላለው ተመራማሪው ሁሉ በተራ ይጠቀምበታል። ግድግዳው ላይ ባዶ ሚስማር ተመትቷል።

«እዚህ ምን ነበር የተሰቀለው?»

ቴክኒሺያኑ ከበር ላይ መለሰ። ኪሱ ከብሎን ተለይቶ ስለማያውቅ ስሙም ብሎን ሆኖ ቀርቷል። «ማንቂያ ደወል ነው። አየር ሲያንስ ይጮሃል። ዛሬ ጠዋት ስገባ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት፤ ማን እንዳመጣው እንጃ። የተበላሸ መስሎኝ ተውኩት።»

«አየር ለምን ያንሳል?»

«ማይክሮስኮፑ የተቀመጠበት ጠረጴዛ በናይትሮጅን ጋዝ ነው የሚንሳፈፈው፤ አለዚያ ሰው ኮሪደሩ ላይ ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ጋዙ ከጎረቤት ክፍል ካለው ጋን በጎማ ይመጣል። ጎማው ከወለቀ ጋዙ ክፍሉን ይሞላዋል። ሽታ የለው፣ አያስል፣ አያቃጥል። ያስተኛል።»

መርማሪው ጎንበስ ብሎ አየ። ጎማው ጥብቅ ብሎ ተሰክቷል፤ ጠረጴዛውም ተንሳፍፏል።

«የጋኑ ክፍል ቁልፍ ማን ጋ አለ?»

«እኔና የቤተ ሙከራችን ኃላፊ ጋ» አለ ብሎን። «ሌላ ሰው ሳይነግርዎት እኔው ልንገርዎት። ሰውየውን እጠላው ነበር። ማሽኑን አድሬበት እየጠገንኩለት፣ ጽሑፉ ሲወጣ ለምስጋና እንኳ ስሜን አያነሳም።»

«ከእኔ ጋር ስትሆን ቀስ በል» አለ መርማሪው ፈገግ ብሎ። «ጠላሁት ብሎ የሚጀምር ገዳይ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ግን አይታወቅም።»

ማይክሮስኮፑ የሚያነሳውን ምስል ሁሉ በራሱ ያስቀምጣል። ብሎን የሟቹን የመጨረሻ ሥራ ከፈተለት። የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ጥርት ያሉ ናቸው። የኋለኞቹ ግን ተንቀጥቅጠው፣ የሰከረ ሰው የሣላቸው መስለዋል። ብሎን ቅንድቡን አነሳ።

ቀጥሎ ወጣቷን ተመራማሪ አነጋገረ። የሟቹ የዶክትሬት ተማሪ ናት፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ድምፅዋ ግን በእልህ የተሞላ ነው።

«የደከምኩበትን ሥራ ወስዶ ለሌላ ሰጠብኝ። ዛሬም ልጣላው ነበር የመጣሁት። ባንኳኳ ባንኳኳ ዝም አለኝ፤ ኃላፊዋን ጠራኋትና ከፈተችው። ተደፍቶ ሳየው ንዴቴ ጠፋ፤ ልሮጥ ስል "አትግቢ!" ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ይኸው በልዟል። አምቡላንስ እንድጠራ እኔን፣ ቃሬዛ እንዲያመጣ ብሎንን ላከችን።»

«እሷስ?»

«ብቻዋን አብራው ቀረች።»

ኃላፊዋ በቤተ ሙከራው ሰው ሁሉ አፍ «እትዬ» ናት። በተመራማሪና በሠራተኛ መካከል ጠብ ሲነሳ ገላጋይዋ እሷ ናት፤ ፕሮፌሰሩን ራሱን ስንቴ ከብሎን አስታርቃለች። እጇን አጣምራ፣ ረጋ ብላ መለሰች።

«ልቡ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። ጋዝ የሚባል በሐሳቤም አልመጣም። ደረቱን ተጫንኩት፤ እሺ አላለኝም።»

በማግስቱ የአስከሬን ምርመራው ውጤት መጣ። ልቡ ጤነኛ ነው፤ ሰውየው የሞተው በአየር እጦት ነው። መርማሪው ብሎንን ለብቻው ጠርቶ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀው።

«ከዚህ በፊት እንዲህ የሞተ ሰው አለ?»

ብሎን ከኪሱ ብሎን አውጥቶ በጣቶቹ ያሽከረክር ጀመር። «አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነበር። የጋኑ ክፍል ማራገቢያ ተበላሽቶ ሳለ ፕሮፌሰሩ "ግባና ጋኑን ሙላ፣ ሥራዬ ይበላሻል" አለው። በዚያው ቀረ። ማንቂያውም የተገዛው ከዚያ ወዲህ ነው።»

መርማሪው በጋኑ ክፍል የሞተውን ልጅ ቤት አፈላልጎ አገኘ። እናቱ በር ከፍተው አስገቡት። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ልጁ ተመርቆ፣ አንዲት ሴት አንገቱን አቅፋው የተነሱት ፎቶ ተሰቅሏል።

«እህቱ ናት» አሉ እናትየው። «አባታቸው ቢለያይም የአንድ ሆዴ ልጆች ናቸው። እሷ ናት ያሳደገችው ብል ይቀለኛል። ከሞተ በኋላ የነበራትን ጥሩ ሥራ ትታ እዚያው እሱ የነበረበት ገባች። "ለምን ልጄ?" ብላት "ደስ ይለኛል" አለችኝ።»

መርማሪው ፎቶው ላይ ያለችውን ሴት አወቃት። በዚያ ቤት ውስጥ ሆኖ ሥራውን ጠላው።

በነጋታው ሁሉንም በቤተ ሙከራው የስብሰባ ክፍል ሰበሰባቸው። ዲኑ ሰዓቱን እያየ፣ ብሎን ጥግ ይዞ፣ ወጣቷ ከኃላፊዋ ጎን ተቀመጡ።

«ምስሎቹ መጀመሪያ ጥሩ ነበሩ፤ በኋላ ተንቀጠቀጡ» ሲል ጀመረ መርማሪው። «እንግዲያው ሰውየው ሥራ ላይ ሳለ ጎማው ወልቋል። አስቀድሞ የላላ ጎማ፣ ከጎረቤት ክፍል ጋዙ በኃይል ሲለቀቅበት ተፈናጥሮ ይወጣል። ሟቹ ማዳመጫ ሰክቶ ስለነበር ፉጨቱን አልሰማም። እኔ ስደርስ ግን ጎማው ተሰክቷል። ስለዚህ ከሞተ በኋላ የመለሰው ሰው አለ።»

«ብሎን ነዋ!» አለ ዲኑ። «ቁልፉ እሱ ጋ ነው፤ ማንቂያውም የተገኘው እሱ ጋ ነው።»

«ቀስ በሉ። ብሎን ከሟቹ ጋር ለአፍታም ብቻውን አልሆነም። ደግሞ ማንቂያውን ነቅሎ የገዛ ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጥ ገዳይ ካለ፣ መታሰር የናፈቀው ሰው ነው። ይህች ልጅ ቁልፍ የላትም፤ የሞት አየር ወዳለበት ክፍልም ዘላ ልትገባ ነበር። እንዳትገባ የያዛት ሰው ነበር።» ወደ ኃላፊዋ ዞረ። «ጋዝ በሐሳቤ አልመጣም ብለውኛል። ልቡ ለቆመ ሰው ሮጦ የሚደርስለትን ማን ይከለክላል? የክፍሉን አየር ያውቁ ነበር። በሩን ከፍተው አናፈሱት፤ ሁለቱን ላኩ፤ ከዚያ ጎማውን ሰኩ። እሷን ባይይዟት ኖሮ እኔም ባልያዝኩዎት።»

ወጣቷ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች። «እትዬ?»

«ይህቺ ልጅ ምን አድርጋኝ ትሙት?» አለች ኃላፊዋ። ድምፅዋ አልተናወጠም። «የወንድሜን ሬሳ የገነዝኩት እኔ ነኝ። ያን ሰውዬ በየጠዋቱ እንደምን አደርክ እያልኩ ተራ አስያዝኩት፣ ሻይ ቀዳሁለት፣ አስታረቅሁት። የምጠብቀው ቀን ነበረኝ። የቆጨኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጋዙ አስተኛው። ለምን እንደሚሞት ሳያውቅ ሞተ።»

«እኔስ?» አለ ብሎን በቀጭን ድምፅ። «ማንቂያውን እኔ ጋ ለምን አመጣሽው?»

«"ሳይታዘዝ በራሱ ፈቃድ ገባ" ብለህ በወንድሜ ሞት ላይ የመሰከርከው አንተ አይደለህም?»

ብሎን አንገቱን ደፋ። «ከሥራ ትባረራለህ አሉኝ። እኔም ልጆች አሉኝ፣ እትዬ።»

«ማነው ያለህ?» አለ መርማሪው።

የብሎን ዓይን ወደ ዲኑ ሄደ። ዲኑ መነጽሩን አስተካክሎ ተነሳ።

«ጥሩ። ያሳዝናል እንጂ፣ ገዳይዋ ከታወቀች ጉዳዩ አልቋል። ስብሰባ አለብኝ።»

«የፕሮፌሰሩ አልቋል» አለ መርማሪው፣ በሩን በእጁ እየዘጋ። «የልጁ ግን ገና መጀመሩ ነው። ይቀመጡ ዶክተር።»

ኃላፊዋ እስከዚያች ሰዓት ደረቅ የነበረ ዓይኗ እንባ ሞላው። ለካቴና የዘረጋችውን እጇን አጥፋ፣ ዲኑ ሲቀመጥ ለማየት ወደ እሱ ዞረች።