ለነጯ ጀልባ የሚሆን መልህቅ

አዱኛ እንደ ወትሮው በማለዳ፣ በድካም የከበደ እግሩን እየጎተተ ወደ ሐይቁ ወረደ። የሚጠብቃት የሎጁ ነጯ የሽርሽር ጀልባ ካሰራት ቦታ የለችም። እንደ ትናንቱ፣ እንደ ትናንት ወዲያውም፣ ከነፋሱ በተቃራኒ ሄዳ መሀል ላይ፣ ውሃው ከሚጠቁርበት ቦታ ቆማለች። በዓሣ አጥማጆች ታንኳ ሄዶ ጎትቶ መለሳት።

መጀመሪያ አሸዋ የሞላ ጆንያ፣ ቀጥሎ በሲሚንቶ የተሞላ የመኪና ቸርኬ አስሮላት ነበር። ዛሬ ከውሃው ስቦ ያወጣው ደግሞ በያጅ የሠራለትን ባለ ሁለት መንጠቆ መልህቅ ነው። የሐይቁ ወለል ክንድ ሙሉ የሚውጥ ጭቃ ሆኖ ሳለ፣ ብረቱ ላይ የጭቃ ዘር የለም። ሲዳስሰው ሞቀው፤ ሰው ይዞት ቆይቶ ገና አሁን የለቀቀው ዓይነት ሙቀት።

«ምነው፣ ባል እንፈልግላት እንዴ?» አሉ የሎጁ ባለቤት ጋሼ ወርዶፋ ከደረጃው ላይ።

«ጋሼ፣ ብረቱ እኮ ደህና ነበር።»

«ደህና ከሆነማ ይይዝ ነበር! ስማ፣ ቅዳሜ እንግዳ አለብኝ። እሷ ሳትረጋ ቤቴ ሄጄ እተኛለሁ እንዳትል።»

አዱኛ በቅጡ ከተኛ አራት ቀኑ ነው። ከዓለም የቀረው ምኞት አንድ ብቻ ነበር፦ የሚይዝ መልህቅ አግኝቶ ጋደም ማለት።

እኩለ ቀን ላይ ከፈረሰ አይሱዙ የወጣ የሞተር ብሎክ ጀልባዋ ላይ ጭኖ ራቅ አለና ለቀቀው። ገመዱ የዝገትና የአልጌ ሽታ እየተፋ በመዳፉ ውስጥ ሮጠ፤ እኩሌታው እንኳ ሳይወርድ፣ ያለ አንዳች ድምፅ ቆመ። ከዚያ ከታች የሆነ ነገር፣ ገበያ ውስጥ ዶሮ የሚገዛ ሰው በእጁ እንደሚመዝነው፣ ብሎኩን ቀስ አድርጎ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አደረገው። ለቀቀውም።

መሸሽ ነበረበት። ክንዶቹ ግን መቅዘፊያውን ማንሳት አቃታቸው። ትንሽ ልረፍ ብሎ ጭንቅላቱን ጠርዙ ላይ አስደገፈ፤ አንድ እጁ ወደ ውሃው ተንጠለጠለ። ዓይኑ ሲከደን፣ ለብ ያለ ነገር የእጁን አንጓ ያዘና ከፍ፣ ዝቅ አደረገው። አልለቀቀውም።

ሲነቃ ድካሙ ከአጥንቱ ወጥቶለታል። ዙሪያው ለስላሳ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣ የጋሼ ወርዶፋ ድምፅ «ጎሽ አዱኛ! ዛሬ ገና ንቅንቅ አላለችም!» ሲል ሰማ። አቤት ሊላቸው ቀና ሲል የነጯ ጀልባ ሆድ ከበላዩ ረግቶ ታየው፤ ገመዱም ከእሷ ቀጥ ብሎ ወርዶ ወገቡ ላይ ተቋጥሯል።