እስከ ቅዳሜ

«ይሄ ስልክ ምን ሆኗል? አልሄድ አለኝ እኮ» አለች ታደለች ሳሎኑ በር ላይ ቆማ። የሥራ ልብሷን ገና አላወለቀችም። «ለበፈቃዱ ቮይስ ልኬለት ነበር፤ እየተሽከረከረ ቀረ።»

ሉሊት ከላፕቶፗ ቀና ሳትል «ዋይፋዩ ነው መሰለኝ፣ ማሚ። በኋላ አየዋለሁ» አለቻት።

ዋይፋዩ ምንም አልሆነም። የእናቷን ስልክ ከኢንተርኔት የቆረጠችው ራሷ ሉሊት ናት፤ ያዘዛት ደግሞ አባቷ ነህምያ ነው። ትናንት ከትምህርት ቤት ወስዷት ሲመለሱ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ካለው ሕንፃቸው ሥር መኪናውን አቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ ወደሷ ዞረ። ከዚያ «አጎትሽ በፈቃዱ ወደ ጌታ ሄደ» አላት። «ዛሬ ሐዋሳ ተቀበረ።»

በፈቃዱ የእናቷ ታናሽ ወንድም ነበር። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው ታደለች ናት። ሉሊት በአካል አይታው አታውቅም፤ ግን እሑድ እሑድ በስልኩ መስኮት ውስጥ ሲስቅ እያየች ነው ያደገችው። ኩላሊቱን ከታመመ ወዲህም ሳቁ አልቀነሰም ነበር።

«እናትሽ እንዳትሰማ» አለ ነህምያ። «ቅዳሜ ጠዋት የቸርች ሽማግሌዎች መጥተው መርዶውን ይነግሯታል። እስከዚያ ስልኳን አንቺ ጠብቂ። ፌስቡክ ላይ ፎቶውን ለጥፈውታል።»

«ዋይ ቅዳሜ? ለምን ዛሬ አይነግሯትም?»

«ሰው ሁሉ ከሥራ ኦፍ የሚሆነው ቅዳሜ ነዋ። ሽማግሌው ጋሽ ዋቅጅራም ከስካይላይን ሰፈር መምጣት የሚችሉት ያኔ ነው። ብቻዋን ሰምታ ብትወድቅስ?»

ነገሩ ያን ጊዜ ትክክል መስሏት ነበር። እንዲያውም እንደ ትልቅ ሰው አደራ ስለተሰጣት ትንሽ ደስ ብሏት ነበር። አሁን ያንን ደስታ ስታስበው አፈረችበት።

ዓይኗን ወደ ላፕቶፑ መለሰች። ለትምህርት ቤት የሚጠየቀውን የበጎ ፈቃድ ሰዓት ለመሙላት ጓደኞቿ ምግብ ያሽጋሉ፣ ፓርክ ያጸዳሉ። ሉሊት ግን ፒጃማ ለብሶ የሚሠራውን መርጣለች። አሜሪካ ገና አገር ሆና ስትቆም ያስተዳደሯት ሰዎች የተዉት ወረቀት ፎቶ እየተነሣ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል፤ እንደ እሷ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ደግሞ የተጠላለፈውን የእጅ ጽሑፍ እያነበቡ ይተይቡታል። ያዩትን እንዳለ መጻፍ ብቻ ነው፤ ማረም አይፈቀድም።

የሷ ሰውዬ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ስሙ የማይነሣ አንድ የኮንግረስ አባል ነው። ወረቀቶቹ የመንግሥቱም የቤቱም አንድ ላይ ተቀላቅለዋል። ስለ ጨው ቀረጥ ረጅም ሪፖርት ይጽፍና፣ ቀጥሎ ለሚስቱ ጥርሱን እንዳመመው ያማርራል። ሲበዛ ነጭናጫ ነው። ሉሊት ሳታስበው ወዳዋለች።

ዛሬ የደረሳት ገጽ ከፊላደልፊያ ለትንሽ ሴት ልጁ የጻፈው ነበር። ቀይ ጫማ እንደገዛላት፣ እግሯ አድጎ እንዳይጠባት እንደሰጋ፣ ሰፋ ካለ ደግሞ ጫፉ ላይ ጥጥ እንድትጨምርበት ይነግራታል። ከሥሩ ከብዙ ዘመን በኋላ ወረቀቱን ያደራጀ ሰው በእርሳስ አንድ መስመር ጽፏል፦ ልጅቱ በዚያን ጊዜ ሞታለች፤ መርዶው አባቷ ዘንድ ገና አልደረሰም።

ሉሊት ይህንንም እንዳለ ተየበችው። ከዚያ ሰውዬው ሲሰማ ምን እንዳለ ለማየት ቀጣዮቹን ገጾች ከፈተች። የጨው ቀረጥ። መርከብ የሚመራ የመብራት ማማ ግንባታ። እንደገና የጨው ቀረጥ፤ ከታች የተስተካከለ ፊርማ። ስለ ልጁ የለም፤ ስለ ጥርሱ እንኳ የለም። የሆነ ቀን ሰምቷል፤ ከሰማ በኋላ ግን ስለ ራሱ አንዲት ቃል አልጻፈም። ሉሊት ላፕቶፑን ከደነችው። ከሱ የደበቀ ሰው አልነበረም፤ ደብዳቤ በፈረስ የሚሄድበት ዘመን ነው፣ መንገዱን በረዶ ዘግቶታል። እዚህ ቤት ግን መንገዱን የዘጋችው እሷ ናት።

ታደለች መጥታ አጠገቧ ዘፍ አለች። «እስቲ መቀዳቱን ልየው» ብላ ድምፁን ከፈተችው።

«አንተ ሰነፍ፣ ምነው ድምፅህን አጠፋህ?» አለ የራሷ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ። «አሞኛል እንዳትለኝ፤ ከመዘምራኑ ጋር ኳየር ላይ ግን ስትጮህ እንዳዩህ ነገሩኝ። ትንፋሽህን ቆጥብ። እኔ ስመጣ ትዘምርልኛለህ።» ከዚያ ሳቀች፤ ረጅም፣ የልጅ ሳቅ።

«ለሰኔ ነው የምሄደው» አለች ታደለች አሁንም ፈገግ እንዳለች። «ማናጀሬ ፈቀደችልኝ። ቲኬቱን ዛሬ በላፕቶፕሽ ልቆርጥ ነው። እስኪ ሰርፕራይዝ ላድርገው ወይስ ልንገረው?»

ሉሊት «አይ ዶንት ኖው፣ አላውቅም» አለችና ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ገባች። በሩን ዘግታ አለቀሰች። አባቷ ጋ ደወለች፤ አላነሣም። ደለስ ኤርፖርት ሥራ ላይ ሲሆን ስልኩን ሎከር ውስጥ ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው። «ዳዲ፣ ዛሬ ነው የምንነግራት። እባክህ ና» ብላ ጻፈችለት።

አባቷ በአንድ ነገር እውነቱን ነበር፦ ብቻዋን መስማት የለባትም። ሉሊት ፊቷን ታጠበችና ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው እትዬ ውቢት ጋ ደወለች። የቸርቹ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው እሷም ታውቃለች።

«እትዬ ውቢት፣ አሁን ይምጡ» አለቻት በሹክሹክታ። «ቲኬት ልትቆርጥ ነው። ከዚህ በላይ አልችልም።»

ውቢት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቅዳሜ ተብሎ ነበር እኮ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። እኔ ራሴ ነው የምነግራት። እርስዎ ብቻ ስትወድቅ ይያዙልኝ።»

ውቢት በቤት ጫማዋ መጣች። ታደለች ስታያት ደስ አላት። «ውይ፣ ዛሬ ሺፍት የለሽም እንዴ? ነይ ተቀመጪ። ቲኬት እንድመርጥ አግዢኝ።» ውቢት ሄዳ ከሶፋው ጎን፣ ታደለች አጠገብ ቆመች።

ሉሊት የሳሎኑን የመስታወት ጠረጴዛ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ግድግዳው ትገፋው ጀመር። ከእናቷ ጋር ስንት መርዶ ቤት ሄዳለች፤ ሐዘንተኛዋ ስትወድቅ እንዳትጎዳ እናቷ ቀድማ ገብታ የሰው ቤት ጠረጴዛ ስታነሣ አይታለች።

ታደለች ጠረጴዛውን አየች። ከዚያ ውቢትን። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ስልኩን ቀስ ብላ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው።

«ማን ነው?» አለች።

ሉሊት ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ የእናቷን ሁለት እጆች ያዘች፤ ስሙንም ነገረቻት።