ከሪዙ በስተቀር

«ማንም እንዳይተነፍስ!» አለች ድንቢጥ። ከራሷ ላይ አንድ ፀጉር ነቅላ በሁለት ጣቷ አንጠለጠለችና የሳለችውን ታጣፊ ምላጭ ስለት ነካ አደረገችው። ፀጉሩ ድምፅ ሳያሰማ ሁለት ሆነ። ወረፋ የሚጠብቁት ሁለት ደንበኞች አጨበጨቡላት፤ እሷም ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

የአያቷ ፀጉር ቤት ሕግ አለው፤ ምላጭ የሳለ ሰው መጀመሪያ የራሱን ጢም ይላጭበታል። ድንቢጥ ግን የአሥራ አራት ዓመት ልጃገረድ ናት፤ ጢም ከየት ታምጣ! ስለዚህ አያቷ የራሳቸውን ፊት ሊሰጧት ቃል ገቡ፣ ሪዛቸውን ጭምር። ምላጩ ሳይጎትት ከላጫቸው፣ በጎረምሳነታቸው ከወንዝ ዳር ያገኙት ጥቁር መሳያ ድንጋይ ከዛሬ ጀምሮ የእሷ ይሆናል። ከጎተተ ግን ትምህርት እስኪዘጋ አትነካውም።

አያቷ ፊታቸው በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ወንበሩ ላይ ተደላድለዋል። ላጪው አጎቷ ነው፤ ምላሱ ከምላጩ የሰላ ሰው።

«አባባ፣ ኑዛዜ ካለዎት አሁኑኑ!»

ግራ ጉንጫቸውን ከላይ ወደ ታች ጠረገው። ምላጩ አንዴም ሳይያዝ ወረደ። «ፏ ብሏል እኮ!» አለ፣ መቀለዱን ረስቶ። የድንቢጥ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

እንድታጥበው ምላጩን ሲሰጣት፣ ከደስታዋ ብዛት ሌላ ፀጉር ነቀለች። አሁን የምላጩን ጫፍ ሞከረችበት። ፀጉሩ ጎበጠ እንጂ አልተቆረጠም። ደገመችው፤ ያው ነው። ትናንት ስትስለው ጓደኛዋ ከደጅ ጠርታት ተጣድፋ ነበር፤ ምላጩን ባገላበጠች ቁጥር ጫፉን ከድንጋዩ ታነሳው ነበር ማለት ነው። ከአፍንጫ ሥር የሚሠራው ደግሞ ጫፉ ነው።

ማንም አላየም። «ሪዝዎ ያምርብዎታል፣ ይቅር» ብትል ሁሉም ይስቃል፣ ድንጋዩም የእሷ ይሆናል። ነገሩ ምላሷ ጫፍ ደረሰ። አያቷ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ያንጎራጉራሉ።

«ጋሼ፣ ቆይ» አለችው አጎቷን። «ጫፉ አልተሳለም። ትናንት ቸኩዬ ነው።»

አያቷ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ። «ቃል ደግሞ ቃል ነው። ድንጋዩ ትምህርት እስኪዘጋ የኔ ነው።»

«እሺ፣ አባባ።» እንባዋ መጣ።

አያቷ የተላጨ ጉንጫቸውን ዳሰሱ። አረፋ የለበሰውንም ዳሰሱ። ከዚያ ሳቃቸው ሲያመልጣቸው አረፋው መስታወቱ ላይ ተረጨ። «እና በግማሽ ፊት ቤት ልግባ? ሚስቴ በየትኛው ጉንጬ ልትስመኝ ነው? ነይ፣ ድንጋዩን ለዛሬ አውሼሻለሁ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ድንቢጥ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ሳቀች። ድንጋዩ ላይ ውሃ አፈሰሰች፤ ምላጩን አስተኝታ ከጫፉ ጀመረች።

«ሳሙናው ደረቀብኝ እኮ!» ጮኹ አያቷ።

«ሌላ አረፋ እመታልዎታለሁ» አለች፣ ቀና ሳትል።