ቀዩ ጡብ በማን እጅ ሄደ

ተናኘ በሰፈሯ ምንም ነገር እንደማይጠፋ እያማረረች ስትናገር፣ ላቀው ከኋላዋ ቆሞ ይሰማ ነበር። የኋላው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ቦታው ከብስራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ መጽሐፍ የሚያከራየው የዑስማን ኪዮስክ ደጃፍ ነው። ጊዜው ደግሞ ስኳር በቀበሌ ሱቅ በካርድ የሚሸጥበት፣ ሰው ሁሉ «ጓድ» የሚባልበት የደርግ ዘመን። ተናኘ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። ቀኑን ሙሉ «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር» የሚል ደብዳቤ ስትመታ ትውልና፣ ማታ የደከሙ ጣቶቿን እያሻሸች ዑስማን ዘንድ ትመጣለች።

የምትከራየው አንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ብቻ ነው። ሰው የሚታረድበትን፣ ፖሊስ በመኪና የሚራወጥበትን አትወድም። የእሷ መጽሐፍ ትንሽ መንደር ይኖረዋል፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም ያውቃል። አንድ ነገር ይጠፋል፣ ወይም አንድ ክፉ ሀብታም ሞቶ ይገኛል። መርማሪዋ ጡረታ የወጣች የፖስታ ቤት ሠራተኛ ወይም ሹራብ የምትሠራ ባልቴት ናት። ማንም አልሾማትም፤ ነገር ማየት ትወዳለች፣ አለቀ። መጨረሻ ላይ ሁሉንም አንድ ሳሎን ትሰበስብና «ያደረገው እሱ ነው» ትላለች። ያን ጊዜ መንደሩ እፎይ ይላል።

በዚያ ዘመን ከተማው ውስጥ ሰው ሲጠፋ ማን ወሰደው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ሁልጊዜ የምትጠይቅ አንዲት ሴትዮ አለች። ተናኘ ይህን ለማንም አላወራችም እንጂ፣ እንቅልፍ የሚወስዳት እነዚያን መጻሕፍት ስታነብ ብቻ ነበር።

«እዚህ ሰፈር እኮ ምንም አይጠፋም ዑስማን» አለችው ያን ዕለት። «ዶሮ እንኳን ብትጠፋ ማታ ራሷ ትመጣለች። እኔ መቼ ነው አንድ ነገር የምመረምረው?»

«ባለፈው ወር የወሰድሽውን መጽሐፍ መርምሪልኝ። እስካሁን አልተመለሰም።»

ከኋላዋ ሳቅ ሰማች። ዘወር ስትል የወይዘሮ አማከለች ልጅ ላቀው ነው። ባህር ዳር ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲጠግን ቆይቶ ገና መመለሱ ነው። በእጁ የያዘው ደግሞ እሷ ስትጠብቀው የሰነበተችው መጽሐፍ ነበር።

«ጨረስከው?»

«አዎ። ለካ ገዳዩ...»

ተናኘ ሁለት ጆሮዋን ያዘች። «በእናትህ እንዳትነግረኝ።»

አፉን ገጠመ። መጽሐፉን ሲያቀብላት ግን ቶሎ አልለቀቀውም። «ከመሃሉ በፊት ካወቅሽው ሻይ እጋብዝሻለሁ።»

«ሻይ የምንሸጠው እኮ እኛ ነን።»

«ታዲያ ሌላ የት ሄጄ ልጋብዝሽ?»

ተናኘ መጽሐፉን ከእጁ ወስዳ ሄደች። ቤቷ እስክትደርስ መጽሐፉን አልገለጠችውም፤ ይህ በሕይወቷ የመጀመሪያው ነው።

የተናኘ እናት ወይዘሮ ማሚቴ ትንሽ ሻይ ቤት አላቸው። ሻይና ቦምቦሊኖ ይሸጣሉ፤ ስለዚህ ቤቱ የሚተዳደረው በስኳር ነው። ስኳሩ ሊመጣ ነው ከተባለ፣ ሰፈርተኛው ከዋዜማው ማታ በቀበሌው ሱቅ በር ላይ ድንጋይ ይደረድራል። ሰው ቤቱ ይተኛል፤ ድንጋዩ ይሰለፍለታል። የማን ድንጋይ የቱ እንደሆነ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። የወይዘሮ አማከለች ድንጋይ ነጭ የወንዝ ድንጋይ ነው፤ ቤታቸው ከሱቁ ፊት ለፊት ስለሆነ ከፊት አይጠፋም። የእነ ተናኘ ጠርዙ የተሸረፈ ቀይ ጡብ ነው። ተናኘ ከሥራ መጥታ ስለምታስቀምጠው ሁልጊዜ ጭራ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ስኳሩ ሳይደርሳቸው ያልቃል።

አንድ የሁዳዴ ጠዋት ግን ጡቡ ከፊት ተገኘ። ነጩ ድንጋይ ጭራ ላይ ነበር። ወይዘሮ አማከለች «ዓይኔ ነው እንዴ?» እያሉ ባዶ እጃቸውን ገቡ። ወይዘሮ ማሚቴ ነገሩን ሳያስተውሉ ስኳራቸውን ይዘው ተመለሱ።

ተናኘ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ከሰዓት በኋላ ላቀው ሻይ ሊጠጣ ሲመጣ ጠጋ ብላ «ጡባችን በእግሩ ሄደ» አለችው።

«ማንን ትጠረጥሪያለሽ?»

«ጋሽ ቦጋለን። የሱቁ ኃላፊ ነው፤ ቁልፉ እሱ ጋ ነው። ደግሞ ጢሙን ሲያሻሽ አይተኸዋል?»

«ጢም ማሻሸት ወንጀል ነው?»

«በመጽሐፍ ውስጥ ነው። ረዳት ትሆነኛለህ?»

ላቀው ሻዩን ሲጠጣ አነቀው። ዓይኖቿን አየና ቶሎ ወደ ብርጭቆው አቀረቀረ። «እሆናለሁ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ረዳቱ በየቀኑ እየመጣ ስለ ምርመራው ይጠይቅ ጀመር። ሻዩን ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው። ወይዘሮ ማሚቴ ከጓዳ ሆነው ያያሉ፣ ግን አያዩም።

ስኳር ዳግመኛ ሊመጣ ነው ሲባል ተናኘ እርድ በዘይት ለውሳ የጡቡን ሆድ ቀባችው። ጡቡን ያነሳ ሰው ጣቱ ቢጫ ይሆናል፤ እርድ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ለላቀው አልነገረችውም። በመጽሐፎቿ ውስጥ መርማሪዋ ለረዳቷ ሁሉን ነገር አትነግርም።

በነጋታው ጡቡ እንደገና ፊት ላይ ነበር።

ወይዘሮ አማከለች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው በሰልፉ መሃል ቆሙ። «ድንጋዬ እግር አውጥቶ ነው ወደ ኋላ የሚሄደው? ዛሬ ይነገረኝ።»

ሰው ተሰበሰበ። አቶ ቦጋለ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። «ይህ ሳይጣራ ሱቁ አይከፈትም» አሉ። «ተራ የሰረቀ ቤተሰብ ደግሞ ካርዱ እስከ ክረምት ይታገዳል።»

የወይዘሮ ማሚቴ ፊት ጠቆረ። እስከ ክረምት ያለ ስኳር ማለት ሻይ ቤቱን መዝጋት ማለት ነው። «እኔ የሰው ተራ ወስጄ አላውቅም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ሩቅ አልሄደም።

«እኔ ልናገር» አለች ተናኘ።

ሁሉም ዞረው አዩአት። ልክ እንደ መጨረሻው ምዕራፍ ነው። ሳሎኑ ብቻ ነው የጎደለው።

«ትናንት ማታ የጡቡን ሆድ እርድ ቀብቼዋለሁ። ያነሳው ሰው እጁ ቢጫ ነው። እጃችሁን አሳዩ።»

ሴቶቹ እጃቸውን ዘረጉ። ሁሉም ቢጫ ነው። ጾም መሆኑን ተናኘ ረስታዋለች፤ ሰፈሩ በሙሉ ክክ አልጫና ጎመን አልጫ ሲሠራ ነው የሰነበተው። የወይዘሮ አማከለች እጅ ቢጫ ነው። የወይዘሮ ማሚቴም ቢጫ ነው። ከሁሉም የባሰ ቢጫ ደግሞ የመርማሪዋ የራሷ ነበር።

«እንግዲህ ሁላችንንም እሰሩን» አለች አንዷ፤ ሰልፉ በሳቅ ተናጋ።

ተናኘ ጣቶቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ከዚያ አንድ ነገር ታሰባት። ወንዶቹ ጓዳ አይገቡም። አንድ በአንድ አየቻቸው። የአቶ ቦጋለ ጣት ንጹሕ ነው። የሰፈሩ ሽማግሌ ዘበኛም እንደዚያው። ላቀው ግን የእናቱን ዘንቢል ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በዚያ ፀሐይ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከቷል።

ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። አልሸሸም።

ነጩ ድንጋይ የገዛ እናቱ ነው። ከሌላ ከማንም አልወሰደም፤ ከቤቱ ተራ ነው የሰጣቸው። ተናኘ ስሙን ብትጠራ፣ ወይዘሮ አማከለች በሰፈሩ ፊት በገዛ ልጃቸው ይዋረዳሉ፤ የዚያ ቤት በር ለእሷ ከእንግዲህ አይከፈትም። ዝም ብትል ደግሞ የእናቷ ሻይ ቤት ይዘጋል።

«ቀጥይ እንጂ» አሉ አቶ ቦጋለ።

«አላገኘሁትም» አለች።

ወይዘሮ ማሚቴ ልጃቸውን አዩአት። ውሸቷን ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቁታል፤ ካርዳቸውን አውጥተው ዘረጉ። አቶ ቦጋለ ሊቀበሉ እጃቸውን ሰደዱ።

«ካርዱን ይተዉላቸው ጋሽ ቦጋለ።» ላቀው እጆቹን ከኪሱ አወጣ። በአሸዋ ፈትጓቸው ቆዳቸው ቀልቷል፣ ቢጫው ግን አለ። «ያንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ።»

ሳቁ ቆመ። ወይዘሮ አማከለች የልጃቸውን እጅ አዩ። «የገዛ እናትህን ተራ?»

«የሌላ ሰው ተራ እንዴት እሰጣለሁ እማዬ?»

«ለምን ብለህ?»

ላቀው እስከ ጆሮው ቀላ። «ሰፈሩ ውስጥ የሚመረመር ነገር የለም ብላ ከፍቷት ነበር። ደግሞ ስኳር አጥተው ሲመለሱ አይቼ አንጀቴን በላኝ። እዚህ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም።»

ወይዘሮ አማከለች ተኩሶ የለበሰውን ሸሚዝ አዩ። ከዚያ ወደ ተናኘ ዞሩ። «ሰሞኑን ካውያ ከእጁ አልወጣም። ቤት ሻይ ሳፈላለት ጠጥቼ መጣሁ ይላል። ጠርጥሬ ነበር፤ ድንጋዬን ግን አልጠረጠርኩም። አንቺ አውቀሽዋል አይደል?»

«አዎ እትዬ አማከለች።»

«ታዲያ ለምን ዋሸሽ? እኔን ላለማሳፈር ነው ወይስ እሱን?»

«ሁለታችሁንም» አለች ተናኘ፤ እንባዋ መጣ።

ወይዘሮ አማከለች ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈቱ። «ቦጋለ፣ ሱቁን ክፈት። ሌባው የቤቴ ነው፤ ቅጣቱንም እኔ አውቃለሁ። እስከ ፋሲካ ሻዬን ማሚቴ ዘንድ ነው የምጠጣው፣ እሱ ይጋብዘኛል።» ወደ ወይዘሮ ማሚቴ ዞረው ደግሞ ዝግ ባለ ድምፅ «ይቅር በይኝ ማሚቴ» አሉ።

«ብቻሽን እንዳትመጪ» አሉ ወይዘሮ ማሚቴ። «ልጁንም ይዘሽው ነይ።»

ተናኘና ላቀው የስኳሩን ዘንቢል ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ሻይ ቤቱ ሄዱ። ለሁለት የሚያዝ ክብደት አልነበረውም።

«እርዱን ለምን ደበቅሽኝ? ረዳትሽ አልነበርኩም?»

«ረዳት ሁሉን አይነገረውም።»

«ረዳቱ ራሱ ወንጀለኛ የሆነበት መጽሐፍ አንብበሻል?»

«አላነበብኩም። መጨረሻው ምንድን ነው?»

«እንዳትነግረኝ ብለሽኝ የለ?»

በሚቀጥለው ጥር ተጋቡ። ዑስማን የጠፋው መጽሐፍ የሙሽራዋ ሻንጣ ውስጥ እንዳለ እያወቀ በሠርጉ ላይ ዝም አለ። ወይዘሮ አማከለች ማታ ማታ ምራታቸው እየተረጎመች ስታነብላቸው መስማት ለመዱ፤ ገዳዩን ከሁሉም ቀድመው ያውቁታል።

ሰልፉ ከቀረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ጡቡ ግን ዛሬም የነላቀውን የግቢ በር ይደግፋል። ፀጉሩ የሸበተው ላቀው አመሻሽ ላይ በሩን ሊዘጋ ጡቡን ገፋ ሲያደርግ፣ ተናኘ ከቤት ውስጥ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ «ማነው ጡቤን የነካው? እጅህን አሳየኝ» ትለዋለች።

እሱም ይመጣና ሁለቱንም መዳፉን ዘርግቶ ፊቷ ይቆማል። እሷ መጽሐፏን ታስቀምጥና ትይዛቸዋለች።