ሱቁ ሁሉ የሰማው ቁጥር

ንግድ ቤት ያላችሁ፣ በስልክ ትዕዛዝ የምትቀበሉ ሁሉ ስሙኝ። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። የተናደድኩት በሌባው ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ፤ ሌባማ ሌባ ነው፣ ሥራውን ሠራ። እኔን ያንገበገበኝ በሩን የከፈትንለት እኛው መሆናችን ነው።

ታላቅ እህቴ የአበባ ሱቅ አላት፤ እኔ አበባውን በየቤቱ አደርሳለሁ። ሱቋ ጠባብ ናት። በግድግዳው ዙሪያ አበባ የተነከረባቸው ባልዲዎች ተደርድረዋል፣ ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ መቀስና ሪባን በተዝረከረከበት ባንኮኒ ላይ ስልኩ ተቀምጧል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሠርግ ያለበት፣ በሽተኛ የሚጠይቅ፣ ሚስቱን አስቀይሞ ያደረ ሁሉ ይመጣና ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ተራውን ይጠብቃል።

ከደንበኞቻችን አንዷ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። የሰፈሩን ግማሽ ያዋለዱ ሴት ናቸው፤ እኔንና እህቴን ጨምሮ። ቅዳሜ ጠዋት ይደውሉና ቀድሞ ይሠሩበት ለነበረው ማዋለጃ ክፍል አንድ እቅፍ አበባ ያዛሉ። አበባው ወልዳ ጠያቂ ላልመጣላት እናት ነው። የትኛዋ እንደሆነች ነርሶቹ ያውቃሉ፤ እኔ አስረክቤ እመለሳለሁ።

የሚከፍሉት በባንክ ካርድ ነው። ረጅሙን የካርድ ቁጥር፣ ካርዱ የሚያበቃበትን ወርና ዓመት፣ በመጨረሻም ከጀርባው ያሉትን ሦስት አኃዞች በስልክ ለእህቴ ይነግሯታል። እነዚያ ሦስት አኃዞች ለጌጥ የተጻፉ አይደሉም። ካርዱን በእጁ ከያዘው ሰው በቀር ማንም እንዳያውቃቸው ተብለው ነው ከጀርባ የተቀመጡት። እነሱን ያወቀ ሰው ካርዱን ሳይነካ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ በሰው ገንዘብ ይገበያል።

ታዲያ የአዋላጇ ጆሮ ከበድ ያለ ነው። እህቴ እንዳልሳሳት ብላ የሰማችውን ቁጥር ትደግምላቸዋለች። እሳቸው "ምን አልሽ?" ይላሉ፤ እሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንደገና ትጀምራለች። በዚህ መሐል ሱቅ ውስጥ የቆመው ሰው ሁሉ ቁጥሩን ከነጀርባው ሰምቶ ይጨርሳል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ተይ አልኳት። ሳቀችብኝ። እዚህ የሚመጣው ሁሉ የምናውቀው ሰው ነው፣ ደንበኛን እንደ ሌባ ማየት ነውር ነው፣ ደግሞስ ሦስት ቁጥር ምን ያደርጋል አለች።

ምን እንደሚያደርግ ለማየት ብዙ አልቆየንም። አንድ ሰው በአዋላጇ ካርድ በኢንተርኔት ውድ ውድ ስልኮች ገዛ። ያ ገንዘብ የመስሚያ መሣሪያ ሊገዙበት ያጠራቀሙት ነበር። የልጃቸው ልጅ አፏን መፍታት ጀምራለች፤ እሳቸው የምትለውን መስማት አልቻሉም። ባንኩ ደግሞ የጀርባው ቁጥር በትክክል ስለገባ ለሰው ነግረው ይሆናል፣ እናጣራለን ብሎ መለሳቸው።

ልጃቸው ይህን ሲሰማ እናቱ ላይ ፈረደ። ጃጅተሻል፣ ከእንግዲህ ገንዘብሽን የምይዘው እኔ ነኝ አላቸውና ባንኩ የሰጣቸውን አዲስ ካርድ ኪሱ ከተተው። የቅዳሜውም አበባ ቀረ።

ከዚያ ወደ ሱቃችን መጣ። በትሕትና ነው የጠየቀው። እናቴ ቁጥሩን የምትናገረው እዚህ ብቻ ነው፣ ምናልባት ከእናንተ ዘንድ ወጥቶ ይሆን አለ። እህቴ ዓይኗን ከመቀሷ ላይ ሳታነሳ መለሰችለት።

"እኛ ጋ የማንም ቁጥር አይቀመጥም። እማማ አርጅተዋል፤ አንዱ ደውሎ አታልሏቸው ይሆናል።"

እውነቷን ነው፤ አይቀመጥም። ይጮኻል እንጂ። ሰውየው አመስግኖ ወጣ። አመስግኖ! ደሜ ፈላ።

በሩ እንደተዘጋ ምን ማለትሽ ነው አልኳት። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም አለችኝ። ይህ ወሬ ቢወጣ በስልክ የሚያዝዝ እንደማይኖር፣ ባንኩም የክፍያ ማሽኑን እንደሚነጥቀን፣ ጉሮሯችን እንደሚዘጋ ዘረዘረች። ገንዘቡን እንደሆነ ባንኩ ይመልስላቸዋል ብላ ደመደመች።

"ገንዘቡንስ ይመልስ ይሆናል" አልኳት። "ጃጅተሻል መባላቸውን ማን ይመልስላቸዋል፣ እትዬ?"

 ቀኑን ሙሉ የአበባ ዘንግ ስትቆርጥ ዋለች።

በማግስቱ ከማዋለጃ ክፍሉ አንዲት ነርስ ደወለች። አበባው ለምን እንደቀረ ልትጠይቅ ነበር። አዋላጇ አእምሯቸው ደከመ ሲባል ሰማን፣ እውነት ነው ወይ አለቻት። እህቴ ስልኩን ዘጋችው።  ሽርጧን ፈትታ፣ ተነስ ውሰደኝ አለችኝ።

ቤታቸው ስንደርስ አዋላጇ ሳሎን ተቀምጠዋል፤ የልጅ ልጃቸው እግራቸው ሥር ሆና ታወራላቸዋለች፣ እሳቸው በግምት ይስቃሉ። ልጃቸውም ነበር። እህቴ ከንፈሯን እንዲያዩ ፊት ለፊታቸው ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መጮኋን፣ ሱቁ ሰው ሞልቶ እንደነበር፣ ከዚያም መዋሸቷን።

አዋላጇ አላለቀሱም፣ አልተቆጡም። 

"ለማን ነግሬ ይሆን እያልኩ ስንት ሌሊት አደርኩ መሰለሽ። ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር፣ ልጄ። በይ አሁን ዞር በይና ይህንኑ ለእሱ ንገሪው።"

ዞራ ነገረችው። ሰውየው ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ እናቱ ጉልበት ላይ አስቀመጠ። ፊታቸውን ቀና ብሎ ማየት ግን አቃተው።

ባንኩ ከገንዘቡ ግማሹን መለሰ፤ የቀረውን እህቴ ከፈለች። ሌባው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አናውቅም፤ ምናልባት አሁንም ከእኛ አበባ እየገዛ ይሆናል። ዛሬ በሱቃችን ማንም የካርድ ቁጥር በአፉ አይናገርም። እህቴ የክፍያ ማስፈንጠሪያ (ሊንክ) በስልክ ትልካለች፣ ደንበኛው ቁጥሩን ራሱ ያስገባል። ያልገባው ካለ ወይ ቤተሰቡ ይረዳዋል፣ ወይ እኔ የክፍያ ማሽኑን ቤቱ ድረስ ይዤለት እሄዳለሁ።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የሰውን የምስጢር ቁጥር አትድገሙት፣ አትጻፉት፣ በፎቶ ላኩልኝ አትበሉ። "ደንበኛዬ ቤተሰቤ ነው" የሚል ነጋዴ የቤተሰቡን ምስጢር አደባባይ አያወጣም። ስሕተት ከሠራችሁ ደግሞ ቶሎ ተናገሩ፤ እናንተ ዝም ባላችሁ ቁጥር ጥፋቱን የሚሸከም ሌላ ሰው አለ።

አዋላጇ ይቅር ብለውናል፤ መንገድ ላይ ሲያገኙን ስመው ነው የሚያልፉን። የቅዳሜውን አበባ ግን የሚያዙት ከሌላ ሱቅ ነው።