አሮጌው ታብሌት የቆረጠው ቃል

የድረ ገጽ ፈታሹ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቷል። የስክሪን ገመድ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል። መርማሪዋን ግን ከገመዱ ይልቅ ያንገሸገሻት ከደጅ የሚሰማው የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ነበር።

«የድረ ገጹ ርክክብ ዛሬ ነው፤ ክፍሉ መቼ ይለቀቅልናል?» ይላል፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

ሬሳውን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛ ወዲያው በሩን ቆልፋ ስለነበር ከእሷ በኋላ ማንም አልገባም። ሟቹ ፊት አንድ አዲስ ኮምፒውተርና አንድ አሮጌ ታብሌት በርተዋል። በሁለቱም ላይ ጽሑፍ ያለበት ያው የመድኃኒት ሥዕል አለ። መርማሪዋ ሁለቱንም አነበበች። ፊቷ ተኮሳተረ። ታብሌቱን በጨርቅ ጠቅልላ ወጣች።

ድርጅቱ ለጤና ጣቢያዎች ድረ ገጽ ይሠራል። በዚያ ጠዋት ከሟቹና ከጽዳት ሠራተኛዋ ሌላ ቢሮ የነበሩት ሦስት ናቸው። መጀመሪያ ሠዓሊዋን ጠራቻት።

«ምን ነበር የሚፈትሸው?»

«ሥዕሉ በአዲስና በአሮጌ መሣሪያ ላይ እንዴት እንደሚታይ ያወዳድር ነበር። ቬክተር ሥዕል እንደ ፎቶ አይደለም፤ መሣሪያው በሚያነበው ትእዛዝ ነው የሚጻፈው። እኔ በአዲሱ የትእዛዝ እትም ሠራሁት፤ ጤና ጣቢያዎቹ ያላቸው ግን የቀድሞውን እትም ብቻ የሚያነብ አሮጌ ታብሌት ነው። አንዱን ዛሬ ጠዋት ሄዶ አመጣ።»

«ውጤቱን ነገረሽ?»

«አልነገረኝም። ስልኩን እንኳ እኔ ጠረጴዛ ላይ ትቶ ወደ ክፍሉ ገባ፤ በቃ» አለችና አለቀሰች።

ፕሮግራመሩ የሟቹ ሚስት ወንድም ነው። «ተጣልተን ነበር፤ አልደብቅም» አለ። «እህቴን ረስቶ እዚሁ ያድር ነበር። ግን እንኳን ልገድለው…»

ሥራ አስኪያጁ ከስልኩ ቀና አላለም። «ዛሬ ፊቱንም አላየሁ፣ ድምፁንም አልሰማሁ።»

«ሥዕሉ ላይ ስህተት አግኝቶ ነበር» አለችው መርማሪዋ።

«ታዲያ ለአንድ ለተቆረጠ ቃል ሰው ይገደላል?»

መርማሪዋ ሦስቱንም አንድ ላይ ሰበሰበቻቸው። ሠዓሊዋ በራሷ ኮምፒውተር ላይ ያለውን አነበበች፦ «ይህ መድኃኒት ለሕፃናት በፍጹም አይሰጥም።» ከዚያ መርማሪዋ ታብሌቱን ገለጠችው። «ይህ መድኃኒት ለሕፃናት» ይልና እዚያው ያበቃል።

ሠዓሊዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«አዲሱ እትም ረጅሙን መስመር ራሱ ወደ ታች ያወርደዋል» አለ ፕሮግራመሩ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «አሮጌው ትእዛዙን ስለማያውቀው ዘሎት ያልፋል፤ ጽሑፉ ከጠርዙ ይወጣል።»

«ስለዚህ ጉድለቱ የሚታየው ታብሌቱ ላይ ብቻ ነው» አለች መርማሪዋ። «ታብሌቱ ዛሬ ከገባ ወዲህ እኔ ጠቅልዬ እስካወጣው ድረስ ከዚያ ክፍል አልወጣም። ሟቹ ስልክ አልያዘም። እኔ ስህተት አልኩ እንጂ ቃል ተቆርጧል አላልኩም። አፍዎ አመለጠዎት፣ ጌታዬ። ገብተው አይተዋል። እሱም ርክክቡ ይቁም ሳይልዎት አልቀረም።»

«ሥዕሉን ለጤና ጣቢያዎቹ ከለቀቅኩት በኋላ ነዋ ይቁም ያለኝ!» ብሎ ሥራ አስኪያጁ ፈነዳ። «ለአንድ ቃል ብዬ ድርጅቴን ልዝጋ?»

መርማሪዋን ከሬሳው ይልቅ ይህ ሰው ሸተታት። «ለጤና ጣቢያዎቹ ደውሉ!» ብላ ጮኸች።

ፕሮግራመሩ ወደ አንዱ ጤና ጣቢያ ደወለ። ስልኩን ያነሣችው ነርስ ሰምታ ሳትጨርስ ስትጮህ ሁሉም ሰሟት፦ «እህቴ፣ ጠርሙሱን መልሺልኝ! ለልጁ አልሰጠሽውም አይደል?»

«ኧረ ገና ነው» የሚል የእናት ድምፅ ከሩቅ ተሰማ።

ሥራ አስኪያጁ ክራባቱን አስተካከለ። «አያችሁ?» አለ። «ምንም አልተፈጠረም እኮ።»

ፈታሹ ገና ከወንበሩ አልተነሣም ነበር። መርማሪዋ ካቴናውን ሥራ አስኪያጁ እጅ ላይ ስታስር ቆዳውን ላለመንካት ተጠነቀቀች።